ጭንቅላት ተመቶ ደረት ሲያም፦ ምን እናድርግ?

ባጃጅ ተገልብጦበት፣ ከደረጃ ወድቆ ወይም ኳስ ሜዳ ላይ ተጋጭቶ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው "ኮንከሽን ነው፣ ሲቲ ስካኑ ደህና ነው፣ ቤትህ ሄደህ እረፍ" ተብሎ ሲሸኝ ራስ ምታትና ማዞር እንደሚኖር ይነገረዋል። ኮንከሽን ማለት በምቱ አንጎል ተናውጦ ሥራው ለጊዜው ሲታወክ ነው። ብርሃን ቢያስጠላው፣ የሰው ስም ቢጠፋበት አይደነግጥም። ስለ ደረት ግን የነገረው የለም። ስለዚህ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው፣ ቁጭ ባለበት ልቡ ድው ድው ሲልበት፣ ደረጃ ሲወጣ ሲወጋው ግራ ይገባዋል። እናት "ብርድ ነው" ትላለች። ጎረቤት "ጨጓራ ነው" ይላል። ጓደኛ ደግሞ "ደንግጠህ ነው፣ ያልፋል" ይላል።

ሁሉም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ግን ማንም ሳይመረምር የተሰጠ ፍርድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው። የጭንቅላቱን ታሪክና የደረቱን ታሪክ አትነጣጥሏቸው። ጭንቅላታችሁን ያየው ሐኪም ስለ ደረታችሁ ላይጠይቅ ይችላል። ደረታችሁን የሚያየው ሐኪም ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ስለነበረው ምት ካልነገራችሁት አያውቅም። ሁለቱን የምታገናኙት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ደረታችሁን የሚጫን ወይም የሚጨምቅ ሕመም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ካልለቀቃችሁ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላባችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ከመጣ ወይም አንድ እግራችሁ ብቻ አብጦ ካመማችሁ ማንበቡን ተዉትና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ድንገት መጥቶ እስከ ጀርባ የሚሰነጥቅ ሕመምም እንዲሁ ነው። ሴቶች፣ የስኳር ሕመምተኞችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሀርት አታክ ሲይዛቸው ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ትንፋሽ ማጠርና ከባድ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም አትናቁት።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሳችሁ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ሰውየው እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ለመንቃት ከከበደው ደግሞ ነገሩ ወደ ጭንቅላቱ ተመልሷል ማለት ነው። ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል፣ በተለይ አረጋውያንና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ። የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ደህና ነበር ብላችሁ አትዘናጉ።

አዲስ አበባ ያላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የእሳትና አደጋ 939። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። አምቡላንስ የሚዘገይ ከመሰላችሁ በተገኘው መኪና ሂዱ፣ ግን የታመመው ሰው ራሱ አይንዳ።

አሁን ወደ አስፕሪን። "ሀርት አታክ ከጠረጠርክ አስፕሪን አኝክ" የሚለውን ምክር ብዙዎቻችን ሰምተናል። ለሌላ ሰው ጥሩ ምክር ነው። በቅርቡ ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ግን በራስ ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ጭንቅላት ውስጥ የተደበቀ መድማት ካለ ያባብሰዋል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለልብና ለሳንባ ደም መርጋት የሚሰጡት እንደ ሄፓሪን ያሉ መድኃኒቶችም ያው ናቸው። ስለዚህ ስልክ ላይ ለሚያነጋግራችሁም ሆነ በር ላይ ለሚቀበላችሁ ባለሙያ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ "ደረቴን ያመኛል፣ በዚህ ቀን ደግሞ ጭንቅላቴን ተመትቻለሁ" ይሁን። ሁለቱን ታሪኮች አትነጣጥሏቸው ያልኩት በዋናነት ለዚህ ነው። ሕይወት የሚያድነው መድኃኒት ራሱ ሊጎዳችሁ ይችላል፣ ሐኪሙ ሚዛኑን የሚመዝነው ካወቀ ብቻ ነው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

በብዛት የሚረሳው ደረቱ ራሱ መመታቱ ነው። መሪ ደረት ላይ ያርፋል፣ ቀበቶ ደረትን ሰንጎ ይይዛል፣ የባጃጅ ብረት ጎን ይመታል። በዚያን ቀን ግን ሁሉም ዓይን ጭንቅላቱ ላይ ስለሆነ ደረቱን ያየው የለም። የጎድን አጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያው ኤክስሬይ ላይታይ ይችላል፣ ሕመሙም ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ ሊብስ ይችላል። ሲነኩት የሚያም፣ ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም በረጅሙ ሲተነፍሱ የሚወጋ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጡ የሚይዝ ሕመም ከአጥንት፣ ከጡንቻ ወይም የጎድን አጥንትን ከደረት አጥንት ጋር ከሚያገናኘው ለስላሳ አጥንት የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሲነካ ማመሙ ግን ልብን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣም፣ ስለዚህ በጣት ተጭናችሁ ብቻ አትወስኑ።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። ለወለምታ ብዙ ሰው የሚተማመንባቸው ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ። ደረትና ጎን ግን አይታሽም፣ አይጎተትም። የተሰበረ የጎድን አጥንት ሲጫኑት ሳንባ ሊወጋ ይችላል። አንገትም እንዲሁ፣ በተለይ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ።

የተሰነጠቀ ጎድን ብዙ ጊዜ በስድስት ሳምንት ገደማ ይድናል። አደጋው ሕመሙን ፈርቶ አጭር አጭር መተንፈስ ነው፣ ሳንባው በደንብ ካልተነፋ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። ስታስሉ ትራስ ደረታችሁ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ። ደረትን በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር የድሮ ልማድ ነው፣ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ተዉት።

ሁለተኛው ምንጭ ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ነው፣ እኔም በረጅሙ መጻፍ የፈለግኩት ስለ እሱ ነው። ልባችን እኛ ሳናዝዘው የሚፈጥነውና የሚረጋው፣ ስንነሳ የደም ግፊታችን የሚስተካከለው አንጎል በራሱ በሚቆጣጠረው የነርቭ ሥርዓት ነው። ኮንከሽን ይህን ሥርዓት ሊያዛባው ይችላል። ያኔ ከአልጋ መነሳት፣ ሻወር መውሰድ ወይም አንድ ፎቅ መውጣት ብቻ ልብን ያስሮጣል። ልብ ሲደልቅ ደረት ይጨነቃል፣ ማዞር ይመጣል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምርመራ) ሲነሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ ምክንያቱም ምርመራው የሚነሳው ሰውየው ተኝቶ እያለ ነው! በሽተኛው "ምንም የለብህም" ተብሎ ይመለሳል፣ ሕመሙ ግን አለ። ይህ የፈጠራ ሕመም አይደለም፣ የሚለካ ነገር ነው። እንዴት እንደሚለካ ወረድ ብዬ እጽፋለሁ።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ለራስ ምታቱ ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ በየቀኑ የሚውጥ ሰው ጨጓራው ቢቆጣ አይገርምም። ከምግብ በኋላ ወይም ጋደም ሲሉ የሚያቃጥል፣ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ ቃር ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራው እየደማ ሊሆን ይችላል፣ ያ ድንገተኛ ነው። ከጭንቅላት ምት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ፓራሲታሞል ይሻላል፣ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ከ8 ፍሬ አይለፍ፤ ጉበት ያለበት ሰው ከዚያም ያንሳል። ለራስ ምታትና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም ልብ ሊያስደልቅ ይችላል። የልብ ምት የሚያዘገየውን ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ካቆመ ልቡ ተመልሶ ሊሮጥበትና ደረቱን ሊያመው ይችላል፣ ስለዚህ ማንኛውንም የታዘዘ ኪኒን ከማቆማችሁ በፊት ጠይቁ።

የደም መርጋትን አጠር አድርጌ ልናገር። "አትነሳ፣ ተኛ" ተብሎ አልጋ ላይ የከረመ፣ እግሩ ጀሶ የታሰረ ወይም ረጅም በረራ ያደረገ ሰው እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ምልክቶቹን፣ ማለትም የትንፋሽ ማጠርን፣ ደም የቀላቀለ አክታንና የአንድ እግር ማበጥን፣ ከላይ ጽፌአለሁ።

ድንጋጤና ጭንቀትም እውነተኛ ምንጭ ነው። አደጋው የደረሰበት መንገድ ላይ ሲያልፉ፣ ጥሩምባ ሲሰሙ፣ ሌሊት ብቻቸውን ሲሆኑ ደረት ይጠብቃል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጣትና የከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል። ሰውን ደካማ አያሰኝም፣ የተጎዳ አንጎል ማስፈራሪያ ሁሉ ይገንበታል። ብቻ የመጀመሪያውን የደረት ሕመም "ጭንቀት ነው" ብሎ የሚደመድም ቤተሰብ አይኑር፣ ልብና ሳንባ አስቀድመው ይታዩ።

በመጨረሻም ከአደጋው በፊት የነበረ ነገር ሊሆን ይችላል። እኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቭ የተጎዳባቸው ብዙ ሰዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ አያውቁትም። የደም ማነስም ልብ ያስሮጣል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ ደግሞ የቲቢ ምርመራ ይጠየቅ። ጭንቅላት ስለተመታ ሌላው ሁሉ በሽታ አይጠፋም።

ቤት ውስጥ እንዴት እንለካ?

ይህን የምታደርጉት አደገኛ የሚባሉት ምልክቶች ከሌሉ፣ በዚያ ሰዓት ደረታችሁን ካላመማችሁ፣ ከዚህ በፊትም ራሳችሁን ስታችሁ ካልወደቃችሁ ብቻ ነው። ሰው አጠገባችሁ ይኑር። የደም ግፊት መለኪያ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌለ የእጅ አንጓ ላይ ትርታን ለ60 ሰከንድ መቁጠር ይበቃል። ስማርት ሰዓት ያለው በሰዓቱ ይለካ።

ጠዋት ቡና ሳትጠጡ በጀርባችሁ 10 ደቂቃ ተኙ። አታውሩ፣ ስልክ አትንኩ። የልብ ምታችሁንና ግፊታችሁን ጻፉ። ከዚያ ተነሱና ግድግዳ አጠገብ ቁሙ፣ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ለኩ። ምን እንደተሰማችሁም ከቁጥሩ ጎን ጻፉ፣ "ማዞር"፣ "ደረት ጭንቅ"፣ "ደህና"። ዓይናችሁ ከጨለመ ወዲያው ተቀመጡ፣ ጀግንነት አያስፈልግም።

አዋቂ ሰው ላይ የልብ ምቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረና ከፍ እንዳለ ከቆየ፣ ለምሳሌ ተኝቶ 72 የነበረው ቆሞ 108 ከሆነ፣ ለሐኪም የሚታይ ውጤት ነው። ከ12 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጆች መለኪያው 40 ነው። የላይኛው ግፊት በቆማችሁ በ3 ደቂቃ ውስጥ በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደም እንዲሁ ይጻፍ። አንድ ቀን ብቻ የታየ ቁጥር ብዙ አይናገርም፣ በተለያየ ቀን ድገሙት። ውሃ ያልጠጣ፣ ያተኮሰው ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር አዲስ አበባ የገባ ሰውም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልቡ ፈጠን ይላል፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

ማስታወሻ ያዙ

ኮንከሽን ያለበት ሰው ይረሳል። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ "መቼ ጀመረህ?" ሲባል ይደናገራል። ስለዚህ ሕመሙ በመጣ ቁጥር ሁለት መስመር ጻፉ፣ መጻፍ ራስ የሚያሳምማችሁ ከሆነ በድምፅ ቅረጹ ወይም የቤት ሰው ይጻፍላችሁ። እንዲህ፦ "ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት። ደረጃ ወጥቼ። መሃል ደረት፣ ጭንቅ የሚል። 10 ደቂቃ። ስቀመጥ ለቀቀኝ። ትርታ 118። ራስ ምታት ከ10 ነጥብ 6ቱ።" ምን በልታችሁ፣ የትኛውን ኪኒን ወስዳችሁ እንደነበር ከጨመራችሁበት የተሻለ ነው። የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ከብዙ ወሬ ይበልጣል። ስትቆሙ ብቻ የሚመጣው፣ ምግብ የሚከተለው፣ ስትተነፍሱ የሚወጋውና ስትደክሙ መጥቶ ስታርፉ የሚጠፋው ለየብቻ ይለያሉ። የመጨረሻው፣ ማለትም በሥራ መጥቶ በእረፍት የሚሄደው፣ የልብ ደም ስር ጥበትም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠብቅም።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ

የደረት ሕመም ይዞ ድንገተኛ ክፍል ለገባ ሰው ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ያዛሉ። ወረፋው ረጅም ከሆነ "ደረቴን ነው" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፣ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ልብ ጡንቻው ከተጎዳ ከፍ ይላል፤ ግን ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደህና ሊመስል ስለሚችል ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይደገማል። "ይደገም ወይ?" ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የደረት ኤክስሬይ ስብራትንና ከሳንባ ውጭ የገባ አየርን ያሳያል። ቫልቭ ከተጠረጠረ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ሁሉም ደህና ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ "ተኝቼና ቆሜ ይለካልኝ" በሉ፣ የቤት ቁጥራችሁንም አሳዩ።

የአደጋውን ቀን የሕክምና ወረቀትና የሲቲ ስካኑን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። የምትወስዱትን ኪኒን በቃል ከምትነግሩ ማሸጊያውን በፌስታል አምጡት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሆስፒታሎች በነጻ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ግዴታ አለባቸው፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ የአባቱን ደረት ሕመም ሲተረጉም ደንግጦ ግማሹን ይተወዋል።

ከተመረመራችሁና አደገኛው ከተጣራ በኋላ

ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንታት መተኛት ያለፈበት ምክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት የስፖርት ኮንከሽን ባለሙያዎች የሚሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ እረፍት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ እነ ጆን ሌዲ ያዘጋጁት የትሬድሚል (ባሉበት የሚራመዱበት ማሽን) ምርመራ አለ። ሰውየው እየተራመደ ሕመሙ የሚነሳበት የልብ ምት ይለያል፣ ልምምዱ ከዚያ ምት በ80 እና በ90 ከመቶው መካከል ይሆናል። ሕመሙ 140 ላይ የሚነሳ ከሆነ ከ112 እስከ 126 ድረስ መራመድ ማለት ነው። ትሬድሚልም ባለሙያም በሌለበት ሜዳማ መንገድ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ተራመዱ፣ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ለራስ ምታቱ ከ10 የምትሰጡት ነጥብ በሁለት ከጨመረ አቁሙ። የደረት ሕመም ከመጣ ደግሞ ነጥብ አትቁጠሩ፣ ቁሙ፣ ለሐኪም ንገሩ።

ውሃ ጠጡ። የልብ መሮጡ በመነሳት የሚመጣ ከሆነ ሐኪም ጨው እንድትጨምሩ ሊያዝ ይችላል፣ ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን በራሱ እንዳይሞክረው። ከአልጋ ስትነሱ መጀመሪያ ተቀመጡ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ቁሙ። ሙቅ ሻወር ላይ በርጩማ አስገቡ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፤ ረመዳንም ቢሆን ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው። ባዶ ሆድና የውሃ ጥም ልብ ያስሮጣል።

ቡናን በተመለከተ በአንድ ጊዜ ማቆም ራስ ምታት ያመጣል፣ ያ ደግሞ ከኮንከሽኑ ራስ ምታት ጋር ይደበላለቅና ሁሉንም ያሳስታል። አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናና በረካውን እለፉ፣ ከዚያ ቀንሱ። ጫት ግን ቢያንስ እስክትድኑ ይቅር፤ ልብ ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ከልብ ሕመም ጋር ያለው ግንኙነትም የታወቀ ነው።

ጠያቂንም አስቡበት። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አሥር ሰው በአንድ ክፍል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ አደጋውን ከመጀመሪያው እንደገና ማስተረክ የተጎዳን አንጎል ያደክማል፣ ልቡንም ያስደልቃል። የቤት ሰው በር ላይ ቆሞ "ተኝቷል፣ እንነግረዋለን" ቢል ነውር አይደለም። ሁለት ሁለት እየሆኑ ለአጭር ጊዜ ይግቡ።

ድንጋጤው ሲመጣ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፣ ለአምስት ደቂቃ። ልብን የሚያረጋጋው ረጅሙ ማስወጣት ነው። ሌሊት ሌሊት የሚመላለስ ከሆነና አደጋው በሕልም የሚመጣ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ይህም ሕክምና ነው።

አብዛኛው አዋቂ በሁለት ሳምንትና በወር መካከል ይሻለዋል። ወር አልፎት የልብ መሮጡ፣ ማዞሩ ወይም የደረት ጭንቁ ያልለቀቀው ሰው እንደገና ተመልሶ ለልብና ለነርቭ ሐኪም ሪፈር እንዲጻፍለት ይጠይቅ፣ ማስታወሻውንና የተኝቶ የቆመ ቁጥሩን ከወረቀቶቹ ጋር አያይዞ። እስከዚያ ድረስ መኪናም ሞተርም አይንዳ፣ ከፍታ ላይ አይሥራ።